«የስ» ሲል «አልመጣም» ማለቱ ነበር

ሻርጃ ውስጥ አንድ የጭነት መጋዘን በር ላይ ቆሜ ከአገር ቤት የተላከ ዕቃ እጠብቃለሁ። ተቆጣጣሪው እንግሊዛዊ ነው፤ የበሩ ጠባቂ ደግሞ ከደቡብ ሕንድ፣ ከማዱራይ የመጣ ታሚል። ተቆጣጣሪው በሬዲዮ «ዲድንት ዘ ትራክ ካም?» ብሎ ጠየቀ። የጭነት መኪናው አልመጣም ወይ ማለቱ ነው። ጠባቂው ሳያመነታ «የስ ሰር» አለ። ተቆጣጣሪው ወረቀቱን ይዞ፣ ሁለት ሠራተኛ አስከትሎ ወደ ማራገፊያው ወረደ። መኪና የለም። ተመልሶ መጥቶ «የስ አላልከኝም?» ብሎ ተቆጣ። ጠባቂው ግራ ገባው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የስ ሰር፣ ኖት ካም» አለ።

እኔ ገና በመጀመሪያው «የስ» ገብቶኝ ነበር። ጉብዝና አይደለም። «መኪናው አልመጣም?» ብትሉኝ እኔም «አዎ» ነው የምላችሁ፤ አዎ፣ አልመጣም። የእኛ «አዎ» የጠያቂውን ሐሳብ ያጸድቃል፤ «እንዳልከው ነው» ማለት ነው። በታሚልም «ኣማ፣ ቫራላ» ይባላል፤ ቃል በቃል «አዎ፣ አልመጣም»። የእንግሊዝኛው «የስ» ግን ጠያቂው ምን እንዳሰበ ግድ የለውም። የሚያየው መኪናውን ነው፦ ከመጣ «የስ»፣ ካልመጣ «ኖ»፣ ጥያቄው በየትኛውም መልክ ይቅረብ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል እንዲሉ፣ ሰውዬው ሥራውን በትክክል ሠርቶ በአንዲት ቃል ተፈረደበት።

ነገሩ አልለቀቀኝም። ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ክፍሌ ውስጥ ሐበሾችም ታሚሎችም ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በ2011 የሕንድ ሕዝብ ቆጠራ ታሚልን አፍ መፍቻዬ ያለው ሰው 69 ሚሊዮን ገደማ ነው። ታሚል ናዱ ደግሞ ከ1968 ጀምሮ በትምህርት ቤቶቿ በታሚልና በእንግሊዝኛ ብቻ እንድትሠራ የወሰነች ግዛት ናት፤ ሂንዲን አልቀበልም ብላለች። ስለዚህ ከግዛቱ ለሚወጣ ታሚል እንግሊዝኛ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም፣ መውጫ በሩ ነው። የመማሪያ መጻሕፍቱ ግን አሉታን በአንድ መስመር ይገላገሉታል፤ «ኖትን ከረዳት ግሡ ቀጥሎ አስቀምጥ» ይሉና ያልፋሉ። ተማሪዎቼ «ኖት» የት እንደሚቀመጥ ያውቃሉ። የሚሳሳቱት ሌላ ቦታ ነው፤ ያንን ቦታ ያየሁት ደግሞ በአማርኛ በኩል ዞሬ ነው።

«ኢላ» ሲገባ ጊዜ ይወጣል

በታሚል «መጣሁ» ቫንዴን ነው፤ «እመጣለሁ፣ እየመጣሁ ነው» ቫሬን፤ «ወደፊት እመጣለሁ» ቫሩቬን። ሦስቱም ጊዜን በሆዳቸው፣ ባለቤትን በጅራታቸው ይዘዋል፤ መጨረሻ ላይ ያለው «ኤን» እኔ ማለት ነው። አሁን አሉታ እናድርጋቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ፦ ቫራላ። በጽሑፍ ቋንቋ «ቫራቪላይ» ነው፤ «መምጣት» ላይ «የለም» የሚለው ኢላይ (በንግግር ኢላ) ተለጥፎ። ትናንት ይሁን አሁን አይለይም። እኔም ልሁን፣ እሱም ይሁን፣ እነሱም ይሁኑ፣ ያው ቫራላ ነው። የወደፊቱ ብቻ ለብቻው ይቆማል፦ ቫራ ማቴን፣ አልመጣም። እዚህ ላይ ባለቤቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ለእሱ ማታን፣ ለእነሱ ማታንጋ ይባላል።

በጥንቱ ታሚል ነገሩ ከዚህም የከረረ ነበር። «ካን» ማየት ነው፤ «ኤን» እኔ። ሁለቱን በመሀላቸው የጊዜ ምልክት ሳታስገባ ብታጣብቃቸው «ካኔን» ይሆናል፣ ትርጉሙም «አላይም»። የ«አይደለም» ዓይነት ቃል የትም የለም። ግሡ ጊዜ ከሌለው ድርጊቱ አልሆነም ማለት ነው። ለእኔ ይህ እስካሁን ካየኋቸው የቋንቋ ብልሃቶች ሁሉ የሚያስደንቀው ነው።

አማርኛም ሲያሉት ጊዜ ያጠፋል፤ የሚቆርጠው ግን በሌላ በኩል ነው። «አልሄድኩም» ያለፈ ነው፤ «አልሄድም» ግን የአሁኑንም የወደፊቱንም፣ ልማዱንም እምቢታውንም ጠቅልሎ ይዟል። ታሚል ያለፈውንና የአሁኑን አጣብቆ የወደፊቱን ይለያል፤ እኛ የአሁኑንና የወደፊቱን አጣብቀን ያለፈውን እንለያለን። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለቱ ሲቀመጡ ስህተታቸው ለምን እንደሚለያይ የገባኝ ይህን ካየሁ በኋላ ነው። ሐበሻው «አይ ዲድንት»ን ቶሎ ይይዛል። ታሚሉ ደግሞ ትናንት ስላልሠራው ሥራ «አይ ዶንት ዱ» ይልሃል፤ ለእሱ ሁለቱ አንድ ቃል ናቸውና።

ቀረብ ብለን እንየው። «ሳፒዳላ» ማለት «አልበላም» ዓይነት ነው። ይህን አንድ ቃል እንግሊዝኛ ለሦስት ይከፍለዋል፦ «ዲድንት ኢት»፣ «ሃቭንት ኢትን»፣ «ኖት ኢቲንግ»። ተማሪው ከሦስቱ የትኛውን ያንሣ? የሰዋስው ስም ብትነግረው አይጠቅመውም። የሚጠቅመው በራሱ ቋንቋ ቃሉ ፊት የሚቆመው የጊዜ ቃል ነው። «ኔቱ»፣ ማለትም ትናንት፣ ካለ «ዲድንት»። «ኢኑም»፣ ማለትም ገና፣ ካለ «ሃቭንት»። «ኢፖ»፣ ማለትም አሁን፣ ካለ «አይ አም ኖት» እና «ኢንግ»። በንግግር ያ ቃል ሳይጠራ ከቀረ በልቡ ጨምሮት ይሞክር። አሥር ግስ መርጦ፣ እያንዳንዱን በሦስቱ ቃላት ጮክ ብሎ ማለት፤ በቀን ሠላሳ ዓረፍተ ነገር። በወሩ «ኢኑም» ሲሰማ ምላሱ ራሱ «ሃቭንት» ይላል።

ማቴን ሌላ ጣጣ አለው። የታሚል የወደፊት ጊዜ ልማድንም ይናገራል፤ ስለዚህ «ናን ካሪ ሳፒዳ ማቴን» ሲል «እኔ ሥጋ የማልበላ ሰው ነኝ» ማለቱ ነው። ወደ እንግሊዝኛ ሲያሻግረው ግን «አይ ዊል ኖት ኢት ሚት» ይሆንበታል። የጋበዘችው እንግሊዛዊት ይህን የምትሰማው እንደ እምቢታ ነው፤ «ያቀረብሽውን አልነካም» ያላት ያህል። በሁዳዴ ግብዣ ላይ የተቀመጠ ሐበሻም ይህን ስህተት ይሠራል፤ የእኛም «አልበላም» ሁለቱንም ነውና። መለያው ቀላል ነው። ዓረፍተ ነገሩ ላይ «ምንጊዜም» ጨምርበት። ካልተጣላው ልማድ ነውና «ዶንት» በል። ከተጣላው የዛሬ ውሳኔ ነውና «ዊል ኖት» በል።

አንድ ካባ፣ ሁለት ትከሻ

የእንግሊዝኛ ነገር ደግሞ ተቃራኒው ነው። አሉታ ሲገባ ጊዜና ባለቤት መውጣታቸው ይቅርና፣ እነሱን የሚሸከም ተጨማሪ ቃል ተጠርቶ ይመጣል። «ኢዝ»፣ «ካን»፣ «ዊል»፣ ወይም እንደ «ሃቭ ኢትን» ያለው ረዳት «ሃቭ» ካለ፣ ተሸካሚው አለና «ኖት»ን ከጀርባው ማስቀመጥ ነው። ከሌለ «ዱ» በውሰት ይመጣል።

እኔ ለተማሪዎቼ ጊዜን ካባ እለዋለሁ። «ሂ ኖውስ» ሲባል ካባው «ኖው» ትከሻ ላይ ነው፤ ጫፉ ላይ ያለችው «ስ» እሷ ናት። አሉታ ስታደርገው «ዱ» ገብቶ ካባውን ይወስዳል፤ «ዳዝ» ይሆናል፤ «ኖው» ራቁቱን ይቀራል፦ «ሂ ዳዝ ኖት ኖው»። «ሂ ዌንት» ከሆነ ደግሞ ያለፈ ጊዜን «ዱ» ይለብሰውና «ዲድ» ይሆናል፤ «ዌንት» ካባውን አውልቆ ወደ «ጎ» ይመለሳል።

ታሚል ተማሪ እዚህ ሦስት ቦታ ይወድቃል፤ ሦስቱም ምክንያታቸው የተለያየ ስለሆነ በአንድ መድኃኒት አይድኑም። «ሂ ኖት ኖው» የሚለው ተሸካሚ መኖሩን ገና አላወቀም፤ በቋንቋው «ኢላ» ብቻውን ይበቃል። «ሂ ዶንት ኖው» የሚለው ተሸካሚውን አውቋል፣ ግን «ኢላ» ለእኔም ለእሱም ለእነሱም አንድ ስለሆነ «ዶንት»ንም እንደማይለወጥ ቃል ቆጥሮታል። ሦስተኛው «ሂ ዲድንት ዌንት» ነው። መምህራን በዚህኛው ይበልጥ ይቆጣሉ፤ እኔ ግን ደስ ይለኛል። ተማሪው እንግሊዝኛ አሉታ ውስጥም ጊዜ እንደሚፈልግ ገብቶታል፤ ስለፈራ ብቻ ለሁለት ትከሻ ሁለት ካባ ደረበ። ለመጀመሪያው ተሸካሚውን ታስተምረዋለህ፣ ለሁለተኛው ባለቤቱን፣ ለሦስተኛው ግን «ካባው አንድ ነው» ማለት ብቻ ይበቃል። ይህ ሰው ሊደርስ ጥቂት ነው የቀረው።

አንድ ወጥመድ ልጨምር። «አይ ሃቭ ኤ ካር» ውስጥ ያለው «ሃቭ» ረዳት ይመስላል፣ አይደለም፤ ራሱ ዋናው ግስ ነው፣ «አለኝ» ማለት። ስለዚህ በዛሬው ተራ እንግሊዝኛ «አይ ዶንት ሃቭ» ይባላል። ሕጉን አጥብቆ የያዘ ተማሪ ነው «አይ ሃቭንት ካር» የሚለው፤ ሰነፉ አይሳሳትም።

የለም፣ አይደለም፣ አላ

አማርኛ «የለም» እና «አይደለም» ብሎ ይለያል፤ እንግሊዝኛ ሁለቱን በ«ኢዝ ኖት» ያልፋቸዋል። ታሚልም እንደኛ ለሁለት ይከፍላል፦ «ኢላይ» የለም፣ «አላ» አይደለም። በንግግር ታሚል ግን «ኢላ» ሁለቱንም ውጧቸዋል፤ «አላ» አሁን ይበልጥ የጽሑፍ ቃል ነው። በእህት ቋንቋው በማላያላም ሁለቱ ዛሬም በአፍ ላይ ተለያይተው ይኖራሉ። በንጉሡ ዘመን ትምህርት ቤቶቻችንን ከሞሉት የሕንድ መምህራን ብዙዎቹ ከኬረላ የመጡ ማላያላም ተናጋሪዎች ነበሩ፤ «የለም»ንና «አይደለም»ን ለመለየት ከእንግሊዞቹ ሳይቀላቸው አይቀርም እያልኩ አስባለሁ።

ታሚሉ «አላ» ሲል «ላ» ይጠብቃል፤ ከእኛ «አለ» ጋር፣ ማለትም ከ«ይገኛል»፣ በጆሮ ሊለይ ምንም አይቀረው። አንዱ «አለ» ሲል ሌላው «አይደለም» ይሰማል።

የስህተቱ መንገድ እንዲህ ነው። «ኤንኪታ ካር ኢላ» ቃል በቃል «እኔ ዘንድ መኪና የለም» ነው። ታሚሉ «የለም»ን በእንግሊዝኛ ሲፈልግ «ኢዝ ኖት ዘር» ያገኛል። «ሚልክ ኢዝ ኖት ዘር» ይላል፤ ወተት የለም ለማለት። ቢሮ ስትደውል «ሰር ኢዝ ኖት ዘር» ይልሃል፤ አለቃው የሉም ለማለት። ለሕንዳዊ ጆሮ ግልጽ ነው፤ ለሌላው ግን «ዘር» እዚያ ማለት ስለሆነ፣ ወተቱ እዚያ ካልሆነ ታዲያ የት ነው የሚል ጥያቄ ያስነሣል። መፍትሔው «የለም»ን ከኋላ ወደ ፊት ማምጣት ነው፦ «ዜር ኢዝ ኖ ሚልክ»። ሰው ከሆነ «ሂ ኢዝ ኖት ኢን»። ንብረት ከሆነ «አይ ዶንት ሃቭ»። አንዱ «ኢላ» ሦስት በር አለው፤ ዕቃ ነው፣ ሰው ነው፣ ወይስ ንብረት ብሎ መጠየቅ በሩን ያሳያል።

ማንም እና ያሩም

አሁን ወደምወደው ደረስኩ። በታሚል «ማን» ያር ነው። መጨረሻው ላይ «ኡም» ቢቀጠል «ያሩም» ይሆናል። «ኡም» ማለት ደግሞ «ም» ማለት ነው፤ እኔም፣ አንተም፣ ቡናም የምንለው «ም»። ስለዚህ «ያሩም ቫራላ» ቁራጭ በቁራጭ «ማን-ም አልመጣም» ነው። የማይዛመዱ ሁለት ቋንቋዎች፣ አንዱ ሴማዊ ሌላው ድራቪዳዊ (የእነ ታሚልና ማላያላም ቤተሰብ)፣ አንድ ዓይነት መጥረቢያ ሠርተው በአንድ ዓይነት ቦታ ቆረጡ። ድምፁ ሳይቀር ተቀራርቦ መገኘቱ ግጥምጥሞሽ ነው፤ አሠራሩ መመሳሰሉ ግን ለመምህር ሲሳይ ነው፣ ለሁለቱ ተማሪዎች አንድ ማብራሪያ ይበቃልና።

ሁለታችንም «አንድም ሰው» ለማለት «ማንም» ካልን በኋላ ግሡን ማሉት ግዴታችን ነው። እንግሊዝኛ «ኖባዲ» ካለ በኋላ ግሡን መንካት ይከለክላል፦ «ኖባዲ ኬም»፣ ቃል በቃል «ማንም-የለም መጣ»። ለጆሯችን ጎዶሎ ነው። ስለዚህ ሐበሻውም ታሚሉም ከሁለቱ አንዱን ያደርጋሉ፤ ወይ «ኖባዲ ዲድንት ካም» ብለው ይደርባሉ፣ ወይ «ኤኒባዲ ዲድንት ካም» ይላሉ። ሁለተኛው የብልጥ ስህተት ነው፤ ተማሪው በአንድ ዓረፍተ ነገር አንድ አሉታ ብቻ የሚለውን ሕግ ሰምቶ አክብሯል። ያልተነገረው ነገር «ኤኒ» ከአሉታው በኋላ እንጂ በፊት አይቆምም። አሉታው «ዲድንት» ላይ ነው፤ «ኤኒባዲ» ደግሞ ከእሱ ቀድሞ ተሰልፏል። ስለዚህ «ማንም» የዓረፍተ ነገሩ ራስ ላይ ከሆነ በ«ኖ» የሚጀምረውን ቃል አንሣና ግሡን ተወው። ከግሡ በኋላ ከሆነ ግሡን አሉትና «ኤኒ» ጨምር፦ «አይ ዲድንት ሲ ኤኒባዲ»፣ ማንንም አላየሁም።

ያችው «ም» ሌላም ቦታ ትጥለናለች። «ናኑም ፖጋላ» እና «እኔም አልሄድኩም» አንድ ናቸው። «ም» በአዎንታም በአሉታም «ም» ነች። እንግሊዝኛ ግን አዎንታው ላይ «ቱ»፣ አሉታው ላይ «አይዘር» ይላል። «አይ ዲድንት ጎ ቱ» ካልክ ሰሚው «ወደ የት?» ብሎ ቀሪውን ይጠብቃል፤ «ቱ» ለእሱ «ወደ» ነውና። «አይ ዲድንት ጎ አይዘር» በል፣ ወይም አጠር አድርገህ «ናይዘር ዲድ አይ»። በዚህኛው ግሡ ከ«አይ» እንደሚቀድም ልብ በል፤ አሉታው ዓረፍተ ነገሩን ስለመራ ተሸካሚውን ጎትቶ ወደ ፊት አምጥቶታል።

ከዚህ ሁሉ በሥራ ቦታ ጣጣ የሚያመጣው «ኤላሩም ቫራላ» ነው፤ «ሁሉም አልመጡም»። አንድም ሰው አልመጣም ወይስ የመጡም የቀሩም አሉ? በሁለታችንም ቋንቋ በድምፅ አጣጣልና በሁኔታው እንረዳዋለን። «ኦል ዲድ ኖት ካም» ተብሎ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ያ ድምፅ አብሮ አይሻገርም። አንድም ካልመጣ «ኖባዲ ኬም»፣ ገሚሱ ከመጣ «ኖት ኦል ኦፍ ዜም ኬም»። የሠራተኛ አውቶቡስ ላይ ስም የሚጠራ ሰው ግን ይህንንም ትቶ ቁጥር ይናገር፤ «ከ20ው 3 ቀርተዋል» የሚለውን ማንም አይሳሳተውም።

ቬንዳም የሚባለው አሳሳች ቃል

ሰዋስው ስህተት ብቻውን ሰው አይጎዳም፤ እዚህ ላይ ግን ሊጎዳ ይችላል። በታሚል «ቬኑም» ያስፈልጋል፣ ይፈለጋል፣ የግድ ነው ይላል። አሉታው «ቬንዳም» ነው። ሻይ ሲያቀርቡልህ «ቬንዳም» ካልክ «አልፈልግም፣ ይብቃኝ» ነው። «ፖጋ ቬንዳም» ግን «አትሂድ» ሊሆን ይችላል፣ «መሄድ አያስፈልግህም» ሊሆንም ይችላል። ክልከላውን ለይቶ የሚናገር ሌላ ቃል አለ፦ «ኩዳዱ»። «ፖጋ ኩዳዱ» ካለ ክልክል ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም።

ችግሩ የሚነሣው ተማሪው «መስት» ማለት «ቬኑም» ነው ብሎ ስለተማረ፣ «መስት ኖት»ን «ቬንዳም» አድርጎ ሲገለብጠው ነው። አለቃው ለሠራተኛው «ነገ ባትገባም ይሆናል» ሊል ፈልጎ «ዩ መስት ኖት ካም ቱሞሮ» ይላል፤ ሠራተኛው «ነገ እንዳትገባ» ብሎ ይሰማዋል፣ ከሥራ የተባረረ መስሎት ያድራል። ተቃራኒው የከፋ ነው። ማሽን ላይ «መስት ኖት ኦፕን» የሚል ጽሑፍ «መክፈት አያስፈልግም» ተብሎ ከተነበበ፣ ከፈለጉ ይከፈታል ማለት ነው። እኛም ከዚህ ነጻ አይደለንም፤ «መሥራት የለብህም» ስንል ከልካዮች ነን ወይስ አሳራፊዎች? ሁለቱንም ሆነን እናውቃለን።

ስለዚህ ክፍሌ ውስጥ ሕጉ አጭር ነው። «ኩዳዱ» በሚባልበት ቦታ «መስት ኖት»፤ በሌላ አይነካም። «ቬንዳም» ሲመጣ ደግሞ ለማን ነው የሚባለው ብለህ ጠይቅ፦ ለራስህ ከሆነ «ኖ፣ ታንክስ»፣ ሌላውን ለማሳረፍ ከሆነ «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ»፣ ለምክር ከሆነ ተራው «ዶንት» ይበቃል።

ጆሮና ምላስ

ታሚል አሉታን የሚነግርህ መጨረሻ ላይ ነው፤ ሰሚው ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ ይጠብቃል። አማርኛ ጥንቁቅ ነው። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል እንደሚባለው፣ «አል» ብሎ ይጀምርና «ም» ብሎ ይዘጋል፤ አንዱን ባትሰማ ሌላውን ትሰማለህ። እንግሊዝኛ አንዲት ቀጭን «ንት» መሀል ላይ ጣል አድርጎ ይሮጣል። ታሚሉ ጆሮውን መጨረሻው ላይ ተክሎ ሲጠብቅ እሷ አልፋ ሄዳለች።

ሲናገርም ያው ነው። የታሚል ቃል በ«ት» መዘጋት አይወድም፤ አንድ «ኡ» ይጨመርለታል። ከ«ን» ቀጥሎ የመጣ «ት» ደግሞ ወደ «ድ» ያዘነብላል። ስለዚህ «ካንት» አፉ ላይ «ካንዱ» ወደሚመስል ድምፅ ይሄዳል፤ ወይም «ት»ዋ ጭራሽ ትጠፋና «እችላለሁ» እና «አልችልም» አንድ ይሆናሉ። ደግነቱ ታሚል አናባቢን በርዝመት ይለያል፤ «ፓል» በአጭሩ ጥርስ፣ በረጅሙ ወተት ነው። የብሪታንያው «ካንት» ረጅም «ኣ» አለው፤ አዎንታው «ካን» በዓረፍተ ነገር መሀል አጭርና ልፍስፍስ ነው። ታሚሉ «ት»ን እርሳትና ርዝመቱን ጠብቅ ሲባል ወዲያው ያስተካክለዋል። እኛ የምናጠብቀው ተነባቢን እንጂ አናባቢን ስላልሆነ ይህ ዘዴ ለሐበሻ ተማሪ ብዙም አይሠራም። «ዎንት» የሚለው ደግሞ በፊደላችን «እፈልጋለሁ»ም «አላደርግም»ም ነው። በስልክ ከሆነ ሁለታችንም «ካኖት» እና «ዊል ኖት» ብለን ዘርግተን ብንናገር ይሻላል፤ ጊዜ አይወስድም።

አንድ ነገር ግን ለታሚሉም ለእኛም በነጻ ይመጣል። «ሳፒዳማ ቫንዴን» ማለት «ሳልበላ መጣሁ» ነው፤ ያው ቅርጽ፣ ያው ቅደም ተከተል። «አማ» ሲሰማ «ዊዛውት» ብሎ ግሡ ላይ «ኢንግ» መጨመር ነው፦ «አይ ኬም ዊዛውት ኢቲንግ»። ይህን የሚስት ተማሪ እምብዛም አላየሁም። የዓረፍተ ነገር ማሰሪያው «ኢሌ?» ደግሞ የእኛው «አይደል?» ነው፤ ለማንም ለምንም አይለወጥም። እንግሊዝኛው «ዶንት ዩ»፣ «ኢዝንት ሂ»፣ «ዲድንት ዜይ» እያለ እንደ ባለቤቱና እንደ ጊዜው ይለዋውጠዋል፤ ተማሪው በሁሉም ላይ «ኢዝንት ኢት?» ይለጥፋል። እኔ በዚህ አልጨቀጭቅም። ማንም ሰው በ«ኢዝንት ኢት» ምክንያት ባዶ ማራገፊያ አልወረደም።

ወደ «የስ» ስመለስ፣ ለክፍሌ የምሰጠው ልምምድ ጥያቄውን በእጅ መሸፈን ነው። «አልመጣም ወይ» ያለውን እርሳው፤ መኪናውን ብቻ እየው። አለ? «የስ፣ ኢት ዲድ»። የለም? «ኖ፣ ኢት ዲድንት»። የ«የስ»ን ጭራ ሁልጊዜ ጨርሰው፤ «የስ» ካልክ ተሸካሚው ባዶውን፣ «ኖ» ካልክ ተሸካሚው ከ«ንት» ጋር ይከተላል፤ ሁለቱ አይቀያየሩም። ጭራውን የለመደ ራሱን ያርማል፤ «የስ፣ ኢት ዲድንት» ሲል ጆሮው ይቆረቁረዋል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ዕቃ ልወስድ ያንኑ በር ረገጥኩ። ሬዲዮው «ኢዝንት ዘ ድራይቨር ባክ?» አለ። ጠባቂው ሬዲዮውን ወደ አፉ አስጠግቶ ትንሽ ዝም አለ፣ ወደ እኔም አየት አደረገ። ከዚያ «የስ»ም «ኖ»ም ሳይል «ድራይቨር ኖት ባክ ሰር» አለና አስቀመጠው።